ስለ ሩቲ የምግብ ዝግጅት ዲግሪና ስለ ፈድሊያ ስም የሰጠሁት ቃል

ዛሬ እሑድ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በጅማ ከተማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ፣ በመኖሪያ ቤቴ አራት ምስክሮች ባሉበት ይህን የምናገረው እኔ ወይዘሮ ሙሉነሽ ላምቤቦ ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። የታመመው ኩላሊቴ ነው እንጂ አእምሮዬ አይደለም። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም፤ የሞከረ ነበረ፣ ስሙን ወደ ታች እጠራዋለሁ። የምለውን አቶ ተክለጻድቅ እየጻፉ ነው። ሲጨርሱ ወረቀቱን ተቀብዬ እያንዳንዱን መስመር ራሴ አነባለሁ። አቶ ተክለጻድቅን ጠርጥሬ አይደለም። የምጠረጥረው ወረቀትን ነው።

ከሟቹ ባለቤቴ ከታዲዮስ የወለድኳቸው ኢዮስያስና ቤተል ወራሾቼ ናቸው። ሩቲ የቤተል አንድ ልጅ ናት፤ ዘንድሮ አዲስ አበባ በአንድ የግል ኮሌጅ የምግብ ዝግጅት ለዲግሪ መማር ጀምራለች።

አንደኛ። ይህ መኖሪያ ቤት ለቤተል ይሁን። እኔ በሕይወት እያለሁም ሆነ ከሞትኩ በኋላ ሩቲን ለማስተማር በሚል ሰበብ አይሸጥ። ምክንያቴን እናገራለሁ።

ባለፈው ጳጉሜን ልጄ ኢዮስያስ መጥቶ፣ «እማዬ፣ ቤቱን ሸጠሽ ለሩቲ ትምህርት ብታውዪው እኮ ዲግሪው እጥፍ አድርጎ ይመልሰዋል» አለኝ። ገዢ እንኳ አዘጋጅቶ ነበር። ኢዮስያስ የድለላ ሥራ እንደሚሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደላላ ከሻጭም ከገዢም ይቀበላል። ምናልባት ለእህቱ ልጅ አስቦ ይሆናል። ምናልባት። ነገር ግን የአባቱን አይሱዙ መኪና የሸጥነው ለእርሱ የማኔጅመንት ዲግሪ ነበር። መኪናው ዛሬም በአሰንዳቦ መንገድ ቡና ጭኖ ሲያልፍ አየዋለሁ። ዲግሪው ግን ስድስት ዓመት ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሥራ ሲጠብቅ ኖሮ፣ በመጨረሻ አውርዶት ወደ ድለላው ገባ።

ስለዚህ የሩቲን ጉዳይ በሰው ወሬ አልተቀበልኩም። ሰው የማይጠይቀውን እኔ ሄጄ ጠየቅሁ። በከተማችን ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች አንዱ ጓሮ ቆሜ፣ ናርዲ የምትባል በዲግሪ የተመረቀች ወጥ ቤት ሠራተኛ ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ አነጋገርኳት።

«ልጄ፣ ደመወዝሽ ስንት ነው?»

«እማማ፣ ለምን ፈለጉት?» ብላ ሳቀች። የልጅ ልጅ እንዳለችኝ ስነግራት ግን አልደበቀችኝም። «አሥራ አንድ ሺህ ነው» አለች።

«አብራሽ የምትሠራው፣ ያልተማረችውስ?»

«እሷም የስድስት ወር ሰርተፊኬት አላት። ዘጠኝ ሺህ ታገኛለች።»

ቤት ገብቼ ደመርኩት። የሩቲ ክፍያ፣ የቤት ኪራይና ቀለብ በዓመት መቶ ሃያ ሺህ፣ በአራት ዓመት አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ይሆናል። ዲግሪው በወር የሚጨምርላት ሁለት ሺህ ከሆነ፣ ያወጣነውን ለመመለስ ብቻ ሃያ ዓመት ይፈጅባታል። ለሩቲ ስልክ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ዓመት እናቷ ከእኔ ደብቃ በእቁብ ገንዘብ እንደከፈለችላት ሰማሁ። አዘንኩ። በገዛ ቤቴ ተደብቆ የሚሠራ ነገር እንዳለ ካወቅሁ ወዲያ ሁሉንም መጠርጠር ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ቅቤ ጎደለ።

ቁርስ ቤቴን የማያውቅ የለም፤ ሰው የሚመጣው ለጨጨብሳዬ ነው። በወር ሠላሳ ኪሎ ለጋ ቅቤ እገዛለሁ። ቅቤ ሲነጠር እንደሚቀንስ የማላውቅ ሴት አይደለሁም፤ ከሠላሳው ሃያ ሰባት እጠብቃለሁ። ኅዳር ላይ ማሰሮዎቹን ስለካ ሃያ አንድ ብቻ አገኘሁ። ስድስት ኪሎ የለም። ቅቤውን የምታነጥረው ፈድሊያ አባመጫ ነበረች። ከእኔ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ታዲዮስ ሲሞት ሦስት ቀን ሳትተኛ ለቀስተኛውን ያስተናገደችው እርሷ ናት። እኔ ግን ሰው ቁርስ እየበላ ሳለ፣ ከወጥ ቤት ጠርቼ አውጥቼ፣ «ቅቤዬን የት አደረስሽው? ሌባ!» አልኳት።

«አዴ ሙሉነሽ፣ ወላሂ አልነካሁም» አለች። ሽርጧን ፈትታ፣ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

የካቲት ላይ ሩቲ ለሴሚስተር ዕረፍት መጣች። ነገሩን ሰምታ፣ «እማማ፣ ቅቤውን ሲነጠር መዝነውት ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሻንጣዋ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን አወጣች። ሚዛኑንም አላመንኩትም፤ አንድ ኪሎ ስኳር ጭኜ ፈተንኩት፣ ከዚያም አቶ ሙርሺድ ወፍጮ ቤት ወስጄ ከእርሳቸው ሚዛን ጋር አስተያየሁት። ልክ ነበር።

ከዚያው ሁልጊዜ ከምገዛበት ሰው ሦስት ኪሎ ቅቤ ራሴ ገዝቼ መጣሁ። ሩቲ አነጠረችው፣ እኔ ከአጠገቧ ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ። ሲለካ ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም ሆነ። በማግስቱ እርሷን ከወጥ ቤት አስወጥቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ሌላ ሦስት ኪሎ ብቻዬን አነጠርኩ። ሁለት ኪሎ ከሰማንያ ግራም። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። የሰረቀው ቅቤው ውስጥ የተጨመረው ውሃ ነው። ቅቤ የሚሸጥልኝ ሰው አብሮኝ የሚጸልይ ስለሆነ፣ ሰውን ሁሉ ስጠረጥር እርሱን አንድ ቀን አልጠረጠርኩትም።

ሩቲ በዚህ አላበቃችም። ዱቄቱን፣ ማሩን፣ ከሰሉን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ለየሳህኑ አካፍላ ጻፈችው። «እማማ፣ አንዱ ጨጨብሳ መቶ ሃምሳ ስምንት ብር ይፈጅብዎታል። የሚሸጡት በመቶ አርባ ነው። ሰው በበዛ ቁጥር ይከስራሉ» አለችኝ። እኔ ገበያው ደራ ብዬ እግዚአብሔርን ሳመሰግን ነበር የከረምኩት።

«ይህን ለመማር አራት ዓመት ያስፈልጋል?» ብዬ ጠየቅኋት፤ እንድትዋሸኝ እየጠበቅሁ።

«አያስፈልግም። ይሄን በሦስት ሳምንት ነው የተማርነው።»

«የቀረው ሦስት ዓመት ተኩል ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱን ገና አላውቀውም፣ እማማ» አለችኝ።

ኢዮስያስ ቢሆን አሥር እጥፍ ይመልሳል ብሎ ይምል ነበር። ይህች ልጅ ግን የገዛ ጥቅሟን የሚጎዳ እውነት ነገረችኝ። ገንዘብ የሚሰጠው ለእንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

ሁለተኛ። እንግዲህ በባንክ ካለኝ ገንዘብ ሦስት መቶ ስልሳ ሺህ ብር ለሩቲ ቀሪ ሦስት ዓመታት ይሁን። ነገር ግን በአንድ ጊዜ አይሰጥ። ክፍያው በየሴሚስተሩ ውጤቷ ከታየ በኋላ በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ሒሳብ ይግባ፤ ከዚያ በፊት የኮሌጁ ፈቃድ የታደሰ መሆኑን ምስክሬ አቶ ሆሴዕ በአካል ሄደው ያረጋግጡ፤ በግድግዳ የተለጠፈ ወረቀት አይመኑ። ቀለብና ኪራይዋ በእናቷ በኩል ይድረሳት። ገንዘቡ በኢዮስያስ እጅ አይለፍ። ሩቲ ልተወው ካለች ማንም አይውቀሳት፤ የተረፈው ለሥራ መነሻ ይሁናት። ሃያ ዓመት ያልኩትን ሒሳብ አልሻርኩም፤ ልክ ነው። ሚዛን ላይ ያላወጣሁት ነገር እንዳለ ግን አይቻለሁ።

ሦስተኛ። አሰንዳቦ አጠገብ ያለው የቡና ማሳ የመጠቀም መብት ለኢዮስያስ ይሁን። ልጄ ነው። ከሚደልል ቢለቅም ይሻለዋል።

አራተኛ። ቁርስ ቤቱ ከነዕቃውና ከነስሙ እኩሌታው የቤተል፣ እኩሌታው የፈድሊያ አባመጫ ይሁን። ልጆቼ ለምን እንዳይሉ የሚከተለውን ይስሙ።

መጋቢት ላይ ሩቲን ይዤ በቾ ቦሬ ቀበሌ ፈድሊያ ቤት ሄድኩ። አላገኘኋትም። ጎረቤቶቿ ወደ አንድ የቡና መጋዘን መሩኝ፤ በቀን ሒሳብ ቡና ስትለቅም አገኘኋት። ሌባ ተብላ የወጣችን ሴት ማን ወጥ ቤት ያስገባል? ያላገኘችውን የአራት ወር ደመወዝ በፖስታ ይዤ ነበር። ቆጥራ ተቀበለች። ይቅርታ ብዬ ጉልበቷን ልይዝ ስል ግን ክንዴን ያዘችኝ።

«ገንዘቡ ሐቄ ነው፣ ወስጃለሁ። ይቅርታውን እዚህ ጥግ ላይ አልቀበልዎትም። ሌባ ያሉኝ በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ይመልሱት» አለችኝ።

ሁለት ወር ሙሉ አልቻልኩም። ኩላሊቴ ሲብስብኝ ግን ጊዜ እንደሌለኝ አወቅሁ።

አምስተኛና የመጨረሻ። አቶ ተክለጻድቅ፣ አቶ ሆሴዕ፣ አቶ ሙርሺድ፣ ወይዘሮ ሀያት፦ ምስክር አድርጌ የጠራኋችሁ ስለማምናችሁ ብቻ አይደለም። ያን ዕለት ጠዋት አራታችሁም ቤቴ ቁርስ ስትበሉ ነበር። ሰምታችኋል። ዛሬም ስሙኝ፤ ጻፉት፤ ስትጠየቁም በፍርድ ቤት፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ ይህንኑ ተናገሩ። ፈድሊያ አባመጫ አልሰረቀችም። የበደልኩት እኔ ነኝ።

ይህ ኑዛዜ በአራቱ ምስክሮች ፊት በድምፅ ተነብቦ፣ ተናዛዧ ራሳቸው ተቀብለው አንብበው፣ ሁለት የፊደል ግድፈት አሳርመው ፈርመውበታል። ወይዘሮ ፈድሊያ አባመጫ በስፍራው ተገኝተው ሰምተዋል፤ ተጠቃሚ ስለሆኑ በምስክርነት አልፈረሙም። የሚሉት እንዳለ ሲጠየቁ፣ «ቶሌ፣ እሺ፣ ሰምቻለሁ። የወጥ ቤቱን ቁልፍ ይስጡኝ። ቅቤውን ግን ከእንግዲህ የምገዛው እኔ ነኝ» ብለዋል። ተናዛዧም ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው በፊታችን ሰጥተዋቸዋል።

የተናዛዥ ፊርማ፦ ሙሉነሽ ላምቤቦ

ምስክሮች፦
ተክለጻድቅ ወልደሐና፣ ጸሐፊም (ፊርማ)
ሆሴዕ ጫሚሶ (ፊርማ)
ሙርሺድ አባዝናብ (ፊርማ)
ሀያት ከድር (የጣት አሻራ)