ዝያራ መጡ ያልካቸው ልጆች

ጎባ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ራስ ምታትህስ ተሻለህ ወይ? የሮቤ ብርድ አይስማማህምና ሹራብህን ከላይህ አትጣል። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያዝ ያደርጋታል። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ግን ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። አንተም ብትቆጣ ተቆጣ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከአብዮት በዓል ኮሚቴው ጋር ሲናና የመጣህ ዕለት፣ እኔ በዚያ ዝናብ የሕፃናት ክንድ እየለካሁ ነበር። ከሼክ ሁሴን ቆላ ከብታቸው አልቆባቸው የወጡት ሰዎች ስንዴው ማሳ ዳር ሰፍረው አይተሃቸዋል። ጥብጣቡንም አይተኸዋል። ከትከሻና ከክርን መሐል ይጠመጠማል፤ አረንጓዴው ላይ ካረፈ ልጁ ደህና ነው፣ ቢጫው ያሠጋል፣ ቀይ ላይ ያረፈ ልጅ ቶሎ ካልተደረሰለት ይሞታል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። እናቶቹ እንኳ ቀለሙን ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር።

አንተ ግን ከላንድሮቨሩ ሳትወርድ፣ በመስኮት፣ «ክንድ መለካት የልብስ ሰፊ ሥራ ነው» ብለህ ጓደኞችህን አሳቅህ። እነዚህ ሰዎች የሼክ ሁሴንን መቃብር ሊሳለሙ ለዝያራ ሄደው የሚመለሱ መንገደኞች ናቸው፣ ባሌ የስንዴ አገር ነው፣ ረሃብ የሚባል ነገር የለም አልክ። የትኛው ዘያሪ ነው የቤቱን በር ነቅሎ፣ አሮጊት እናቱን አዝሎ የሚዞረው? አብራኝ የምትሠራውን ኡሙሰልማን ያልከውን በኦሮምኛ ንገሪያቸው ብትላት፣ ይሄንን አፌ አይሸከመውም አለችህ። ደግ አደረገች።

መጋዘኑስ? ፋፋውና የዱቄት ወተቱ እዚያው ማሳው ዳር ተከምሮ እያለ፣ የአሥረኛው በዓል እንግዶች ሲያልፉ ሰልፍ እንዳያዩ ብለህ እስከ በዓሉ ማግስት አስቆለፍከው። ሰው ለምግብ ከተሰለፈ ረሃብ አለ ያሰኛል አልክ። ሰልፍ ያሳፍራል፣ ሬሳ አያሳፍርም ማለት ነው?

ጁሀራ የምትባለዋ ሴት ልጇን ታቅፋ መኪናው ድረስ መጥታ ለምናህ ነበር። የልጇ ክንድ ቀይ ላይ ነው ብዬ እኔም ጮኼ ነገርኩህ። መስኮቱን ዘጋህባት። ልጁ ሁለት ቀን አልቆየም። ኢና ሊላሂ ብላ ለአላህ አስረከበችው። ከቀብር እንደተመለስን ድንጋይ አንስቼ የመጋዘኑን ጓጉንቸር ሰበርኩት። ኡሙሰልማ ላግዝሽ ብትለኝ እንቢ አልኳት፤ ሲጠይቁህ የሰበረችው እህቴ ብቻዋን ናት በላቸው። ወተቱን በጥብጠን አጠጣን። ቀይ የሆኑትን ልጆች ከነእናቶቻቸው የስንዴ መኪና የሚነዳው አብዱልሃኪም ኬሻው ላይ ጭኖ እዚህ ጎባ ሆስፒታል አደረሰልን። ከእነዚያ አንድም አልሞተብንም።

ከበዓሉ በኋላ ሮቤ ለምርመራ ቅረቢ የሚል ጥሪ ትናንት ደርሶኛል። እቀርባለሁ። ለሰበርኩት ቁልፍ መልስ አለኝ፤ ላስቆለፍከው አንተ መልስህን አዘጋጅ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከእናቶቹ አንዷ ሲምቦ ትባላለች። መኪናህ ሲቆም ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ዞራ የቆመችው ናት። አይተሃታል መሰለኝ፤ ወዲያው ሹፌሩን እንሂድ ብለኸዋል። ከሄድክ በኋላ ይሄ ሰው ምንሽ ነው አለችኝ፤ ወንድሜ ነው አልኳት። ከዚያ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ አገራቸው የመጣ አንድ ባርሲሳ፣ አስተማሪ ማለቷ ነው፣ ስሟን መጻፍ እንዳስተማራት ነገረችኝ። እመለሳለሁ ብሏት እንደሄደም። ከዚህ ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ልጇ ሲሻላትና ከሆስፒታል ሲያስወጧቸው መግቢያ ስላልነበራቸው እቤት ይዣቸው መጣሁ። እማዬ አላወቀቻቸውም፤ እንግዳ መስለዋት ቁርስ ልታቀርብ ማጀት ገባች። ይሄኔ ልጅቷ ወደ ጓሮው ጉድጓድ ስትጠጋ ሲምቦ አየችና ደንግጣ በስሟ «ውዴ!» ብላ ተጣራች።

እማዬ ከማጀት «አቤት!» አለች።

ስሜን ማን ጠራው እያለች ወጣች። ሲምቦ አንገቷን ደፋች። ልጅቷ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጣ በአንድ ዓይኗ ታያታለች። እማዬ ቁጭ ብላ አገጯን ቀና አደረገችና ፊቷን አየችው፣ አየችው። አባቷ ማነው ብላ አልጠየቀችም። ማታ ግን እኔን ሳታማክር ያንተን አልጋ አነጠፈችላት።

እንግዲህ ዘመኑን የምሕረት ያድርግልህ። የያዝከው ሥልጣን ሰው የምታይበትን ዓይን አይጋርድብህ። እማዬ እንደ ወትሮው ሳሚልኝ አላለችኝም። «ና በይው» ብላኛለች።

ታናሽ እህትህ