ከሥጋ ቤት ልጅነት እስከ ባቄላ ዳቦ መምህርነት፦ የእታለም የሕይወት ታሪክ

ቤተሰብም ተማሪም ጎረቤትም በአንድ ስም እታለም እያለ የሚጠራቸው እኅታችን፣ ከሥጋ ነጋዴው አባታቸውና ከአትክልተኛዋ እናታቸው መጋቢት 12 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ከልኳንዳው ጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። በፊት ለፊት ሥጋ ይሰቀላል፣ በጓሮ ባቄላና አተር ይበቅላል። ከአራት ልጆች የበኩሩን ቦታ ይዘው ስለተወለዱ፣ ታናናሾቻቸውን ማዘዝ የጀመሩት አፍ በፈቱ ማግስት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው በቆርቆሮ ጣሳ ባቄላ እየዘሩ፣ የትኛው በስንት ቀን እንደበቀለ በሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ላይ መመዝገብ ጀመሩ። አባታቸው ወረቀቱን ሳያዩ ይጠቀልሉበት ስለነበር፣ የሰፈሩ ሰው ሥጋውን ሲፈታ ስለ ባቄላ አስተዳደግ ያነብ ነበር። አንዳንዱ ደንበኛ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ የሦስተኛዋ ጣሳ ነገር ምን ደረሰ ብሎ ጠይቋል። አባታቸው ይህችን ልጅ የወለድኳት ገበያዬን ልታዘጋ ነው እያሉ ቢያማርሩም፣ ጣሳ አጠራቅመው የሚያመጡላቸው እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

እታለም አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው፣ በ1965 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው የእፅዋት ሳይንስ አጠኑ። በ1972 ዓ.ም. በምግብ ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1978 ዓ.ም. ደግሞ በባቄላ ፕሮቲን ላይ ባደረጉት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ሰውን ሥጋ አትብላ ብለው አያውቁም። የአባታቸውን ልኳንዳ የወረሰውና ይህን ጽሑፍ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ትዳራቸውም የመጣው በችግኝ በኩል ነው። ሁልጊዜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ የችግኝ ሳጥን ይዘው ስለሚሳፈሩ፣ ሾፌሩ ሳጥኑ እንዳይገለበጥ ብሎ ኩርባው ላይ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ይል ጀመር። ተሳፋሪው በባቄላ ምክንያት ከሥራ አረፈድን ብሎ ለአለቃው ከሰሰው። ሾፌሩ ከዚያ መስመር ተነሣ፤ ግንቦት 8 ቀን 1974 ዓ.ም. ግን እታለምን አገባ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው በፍቅር አሳድገዋል።

እታለም በ1988 ዓ.ም. በሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ ትልቁን ሥራቸውን ጀመሩ። ከእፅዋት በሚገኝ ምግብና በጤና ላይ የሚያተኩር፣ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸውን ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ የዶክትሬት ሥልጠና አቋቋሙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይወዱ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አራት ነበሩ፦ ባቄላውን የሚያውቅ የእርሻ ባለሙያ፣ ዱቄቱን የሚያውቅ ኬሚስት፣ በሽታውን የምታውቅ ሐኪምና የሰውን ጠባይ የሚያውቅ የሥነ ልቦና ባለሙያ።

አራቱ ተባብረው የባቄላ ዱቄት ዳቦ ሠሩ። በአንድ ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ለተኙ ስድሳ የስኳር ሕሙማን በተለመደው ዳቦ ምትክ ለሦስት ወር ቀረበ። ሰሃኑ ባዶውን ይመለሳል፣ የደም ስኳሩ ይወርዳል። ጥናቱ ታተመ፣ ተጨበጨበ፤ ሥልጠናው ለአምስት ዓመት እንዲራዘምም ለዩኒቨርሲቲው ቦርድ ቀረበ። በደስታው ግብዣ ላይ የሆስፒታሉ ዋና ምግብ አብሳይ፣ ሁሉም ጋሽ ጭልፋ የሚሏቸው ሰው፣ እታለምን ወደ ጥግ ወስደው በቀስታ ነገሯቸው።

«እታለም፣ ዳቦውን እኮ የበሉት ርግቦች ናቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዳቦው እንደ ጡብ ደርቆ አልዋጥ ስላላቸው፣ ሕሙማኑ እየፈረፈሩ በመስኮት ይበትኑት ነበር። ስኳራቸው የወረደው ጭራሽ ዳቦ ስላልበሉ ነው። የሚገርመው አራቱም ተማሪዎች ፍንጩን አይተዋል። ሐኪሟ የወፈሩትን ርግቦች አይታለች፤ ርግብ ግን የሐኪም ጉዳይ አይደለም። የሥነ ልቦናው ባለሙያ ዳቦው ጡብ ነው ሲባል ሰምቶ ‹አመለካከት› በሚለው ዓምድ ሥር ጽፎታል። ኬሚስቱ ድርቀቱን ለክቷል፤ ጥርስ የኔ ጉዳይ አይደለም ብሎ አልፏል። የእርሻው ባለሙያ መስኮቱ ሥር ባቄላ ባቄላ የሚል ፍርፋሪ አግኝቶ፣ የሌላ ሰው ምርምር መስሎት ተሻገረው። ጋሽ ጭልፋን ደግሞ የጠየቃቸው የለም።

ቦርዱ ሊሰበሰብ አሥር ቀን ቀርቶታል። እታለም በማግስቱ ልኳንዳው መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ነገሩን ለወንድማቸው አጫወቱት። እውነቱ ከወጣ ሥልጠናው ይዘጋል፣ የአራት ልጆች ድካም ውሃ ይበላዋል። ወንድምዬው፣ ሳይደብቅ ይጻፈውና፣ ዝም በይ ብሎ መከራቸው። ርግብ አይመሰክርም አላቸው። እታለም ግን የተጠቀለለ ሥጋቸውን ተቀብለው ሲነሡ እንዲህ አሉት፦

«ይህን ጥናት አምኖ መድኃኒቱን የሚተው ሰው ቢኖርስ? ያ ሰው ያንተ ደንበኛ ቢሆንስ?»

የታተመውን ጥናት በገዛ እጃቸው አሰረዙ፤ ምክንያቱንም ከነርግቦቹ ጽፈው አሳተሙት። ሥልጠናው ለሁለት ዓመት ተዘጋ። የሳቀባቸው ብዙ ነበር፤ በየስብሰባው ዶክተር ርግብ ሲሏቸው እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። ያላሳቃቸው አንድ ነገር ቢኖር የሐኪሟ ኩርፊያ ነው። ከመምህሯ ጋር ሆድና ጀርባ ሆነው አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። ያን ጊዜ እታለም ልኳንዳው ውስጥ አልቅሰዋል። ከዚያ አንድ ጠዋት ሐኪሟ በራሷ ጊዜ ሆስፒታሉ ማብሰያ ክፍል መጥታ ሽርጥ አጠለቀች።

ሥራው ከዚያው ክፍል እንደገና ተጀመረ። በጋሽ ጭልፋ አለቅነት አራቱም አቡክተው፣ ጋግረው፣ አሥራ ሰባት ዓይነት ዳቦ አበላሽተው፣ በአሥራ ስምንተኛው ሰው የሚበላው ወጣላቸው። ውጤቱ ሲለካ ስኳሩ የወረደው በጥቂቱ ነው። እታለም ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ግን የሰው ነው ብለው አሳተሙት። ሥልጠናው በ1993 ዓ.ም. ሲከፈት ሁለት ሕግ ይዞ ተከፈተ፦ ማንኛውም ተማሪ አራት ወር በሌላው ሙያ ይሠራል፤ በመመረቂያ ፈተናም አንድ ምግብ አብሳይ ከፈታኞቹ ጋር ይቀመጣል። ዩኒቨርሲቲው ዲግሪ የሌለው ሰው ዶክተር ሊፈትን ብሎ ጉድ አለ። እታለም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ጋሽ ጭልፋ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በየፈተናው የጠየቁት አንዲት ጥያቄ ናት፦ «ሰዉ በልቶታል ወይ?» በዚህች ጥያቄ ላይ ላባቸውን ጠርገው ያለፉ ሠላሳ ሰባት ዶክተሮች ዛሬ በየሙያቸው ያገለግላሉ።

እታለም በ2016 ዓ.ም. ክረምት በጣፊያ ካንሰር ታመሙ። የሚያክሟቸው ያችው ሐኪም ተማሪያቸው ነበሩ፤ አሁን የክፍሉ ኃላፊ ሆነዋል። ውጤቱ ሲመጣ ወንድማቸው ዶክተሯን ኮሪደር ላይ ይዞ፣ እባክሽ አትንገሪያት፣ ቀላል ነው በያት ብሎ ለመናቸው። ዶክተሯ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እንዲህ አሉት፦

«ጋሼ፣ እሳቸውን ልዋሽ? ሁለት ዓመቴን የወሰዱብኝ እንዳልዋሽ ብለው እኮ ነው።»

ወደ እታለም ገብተው፣ አልጋው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ይዘው እውነቱን ነገሯቸው። እታለም ጎበዝ አሉና የሦስት ተማሪዎችን ረቂቅ ጽሑፍ እንዲያመጡላቸው አዘዙ። በቀሯቸው ሰባት ሳምንታት ሦስቱንም አርመው ጨረሱ። ይህንንም የሕይወት ታሪክ አስነብበው፣ ‹ዓለም ያደነቃቸው› የሚለውን ሰርዘው ‹ማስረጃ?› ብለው ጻፉበት። ‹ደከመኝን የማያውቁ› የሚለውንም ሰርዘው ‹ሐሰት፣ ደክሞኛል› አሉ።

ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከአጠገባቸው ሳሉ፣ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ሦስት ታናናሾቻቸውና ሠላሳ ሰባት የሙያ ልጆቻቸው ቀርተዋል። እውነትን የወደደች ነፍሳቸውን እውነተኛው አምላክ በብርሃን ይቀበላት፤ ለሁላችንም መጽናናቱን ይላክልን።

በረቂቁ መጨረሻ ላይ ወንድማቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ ነበር፤ እንዲህ ይላል፦ ‹እጅግ አድርገን እንወዳቸው ነበር።› እታለም አልሰረዙትም። ከጎኑ በእርሳስ ‹በቂ ማስረጃ አለ› ብለው ጽፈውበታል።