ጀሪካኑ እስኪሞላ

ለውድ አባቴ፣

አባዬ፣ ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ሰው ፊት «እርስዎ»፣ ቤት ውስጥ «አንተ» እያልሁ እንዳድግ ያስለመድኸኝ አንተው ነህና ይኼንንም እንደ ቤት ወሬ ቁጠረው። ሌላ ሰው ቢያነበውም ግድ የለኝም፤ ያንተ ነገር ከእንግዲህ የሚደበቅ አይደለም። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ የቤቱን ልናገር።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ ካንተ ጉልበት ይሻላል፤ ምላሷም እንደነበረ ነው። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ጎርፉ ዘንድሮም የታችኛውን ማሳ አልፎበት ሄደ፤ ሩዙ ግን ተስማማው። ወረታ መገንጠያው ላይ ባጃጁ ከመብዛቱ የተነሳ ለመሻገር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንተ ብትሆን ተቆጥተህ ትመለስ ነበር። እኔ እዚያው የከተማው የውኃ ፓምፕ ላይ ነኝ። ግድብህ ደግሞ ታድሷል። ግድብህ የምለው ሃያ ሁለት ዓመት ስለጠበቅኸው ነው፤ መንግሥት እንዳይሰማኝ።

ለማያውቅ ሰው ስል አንተ የምታውቀውን ልድገመው። ከከተማው በላይ፣ በሁለቱ ኮረብቶች መሐል ያለው የአፈር ግድብ የተሠራው እኔ ሳልወለድ ነው። የወረታ ቧንቧ ውኃ የሚመጣው ከዚያ ነው። አንተ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ትተህ ጥበቃ ስትቀጠር ከግድቡ ሥር፣ ከቀኝ ጥጉ፣ ጣት የምታህል ምንጭ ትፈስ ነበር። አንዲት ዓይኗን የታመመች ሴት ታጠበችበትና ተሻላት። ዓመት ሳይሞላ መስቀል ተተከለ፣ አጥር ታጠረ፣ የደብሩ ቄስ መምሬ ካሳ እየወረዱ ያጠምቁ ጀመር። እማዬም ለዚያ ለማይለቃት ራስ ምታቷ ሱባዔ ገባች። ራስ ምታቷ ለቀቃት።

አንተ ግን ለጉልበትህ ወንዛዬ ነበር የምትሄደው። ጸበል ደጃፍህ እያለ ፍል ውኃ ፍለጋ መኪና ላይ ትንጠላጠል ነበር። ጎረቤቱ «የቅርብ ጸበል ልጥ ይነከርበታል» እያለ ይስቅብህ ነበር። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ጠዋት ጠዋት የምትሠራውን ነው። ቁርስህን ይዤ ስመጣ ያንን ጎኑ የተቀጠቀጠ ቢጫ ጀሪካን ምንጯ ሥር ደቅነህ፣ በወይራ ዱላህ ተደግፈህ፣ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግም አገኝሃለሁ። ስትጨርስ አንድ ጣት ታጥፋለህ፤ እንደገና ትጀምራለህ። ጀሪካኑ ሲሞላ ታቆማለህ፤ ውኃውን ትደፋዋለህ። ሰው ጸሎተኛ ይልህ ነበር። እኔ ግን እየቆጠርህ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ሰዓት አልነበረህምና ጸሎቱ ሰዓትህ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል፣ ግድቡ ሞልቶ ዝናቡ ሲያቆም፣ የዚያን ቀን የታጠፉትን ጣቶች ያህል ዱላህ ላይ በቢላ ጭረት ትቀርጽ ነበር። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቅህ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለህ ቁርስህን በላህ።

ዝንብስ አልገባም አባዬ። ውኃው ነው ሲወጣ የኖረው።

ካረፍህ በኋላ ዱላህ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ቀረ። በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ የምንጯ ውኃ ደፈረሰ። ሕዝቡ ጸበሉ ተቆጣ አለ። ተቆጣ ሲባል ደግሞ ሌላ ቦታ እንደሚሆነው ሰው አልሸሸም፤ የተቆጣ ጸበል ሥራ አለው ተብሎ ከይፋግ በኩል ሳይቀር መጣ። ግድቡ ሥር፣ ያ ሁሉ ውኃ ከራሱ በላይ ተንጠልጥሎ እያለ፣ ላስቲክ ወጥሮ የሚያድረው ሰው በየቀኑ ይጨምር ነበር። በደፈረሰ ቁጥር ደስታው ይበዛል። እኔ የፓምፕ ሠራተኛ ነኝ፤ ብዙ ባልማርም ከአፈር ግድብ ሥር ጭቃ ይዞ የሚወጣ ውኃ ጭቃውን ከየት እንደሚያመጣ አይጠፋኝም።

በዚያው ሰሞን ግድቡን ዘመኑ ወደሚጠይቀው ደረጃ ለማሳደግ ጥናት ተጀምሮ ነበር። የመጣው ኢንጂነር ረጋ ያለ ሰው ነው። እቅዱ የግድቡን ጫፍ ከፍ ማድረግ፣ ትርፍ ውኃ ማስወጫውን ማስፋት ነበር። ምንጯን በተመለከተ ግን ከግድቡ በፊት የነበረች የተፈጥሮ ምንጭ ናት ተብሎ ተነግሮታል። የነገሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ውሸት አልነበረም፣ እንደዚያ ብለው አምነዋል። ስለዚህ የቀኙን ጥግ ሳይነካው ሊያልፍ ነበር።

ዱላህን አወረድሁት። የመጀመሪያው ረድፍ ዘጠኝ ነው። ከዚያ ስምንት፣ ስምንት፣ ሰባት እያለ ይወርዳል። የመጨረሻው አራት። ያው ጀሪካን በዘጠኝ ጸሎት ይሞላ የነበረው በአራት መሙላት ጀምሯል ማለት ነው። አንተም ይኼን ስታውቅ ኖረሃል።

ሦስት ቀን ይዤው ተቀመጥሁ። ዱላው ግድቡ እንደሚያፈስ ይናገራል፤ የያዘው ሰው እያወቀ ዝም እንዳለም ይናገራል። አንዱን ሰጥቼ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም። ተናደድሁብህ። አፈርሁብህም። ከመቃብርህ ላይ ቆሜ ልጠይቅህ ሄጄ ሣሩን ነቅዬ ተመለስሁ። በአራተኛው ቀን ላስቲኩ ሥር አራስ ልጅ የያዘች ሴት ገባች ሲሉኝ ዱላውን ይዤ ወደ ኢንጂነሩ ሄድሁ።

አልሳቀም። ጭረቶቹን በጣቱ እየዳሰሰ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው። ከዚያ አንዱ አቡነ ዘበሰማያት ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ደጋሚው ነው አልሁት፤ መምሬ ካሳ ሲቸኩሉ አንተ አንዱን ሳትጨርስ ሁለት ይወጣቸዋል። እንግዲያው አባትሽ እንደሚደግሙት ድገሚልኝ አለና ስልኩን ከፍቶ ሰዓቱን አዘጋጀ።

እዚያው ግድቡ ላይ ቆሜ ደገምሁ። በራሴ አፍ ስጀምረው ፈጠነብኝ፤ አቆምሁና ዱላውን ተቀብዬው ተደገፍሁ። ያን ጊዜ መጣልኝ። አንተ የምትተነፍስበት ቦታ፣ አንተ ድምፅህን የምታወርድበት ቦታ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ ሦስቱም እኩል ወጡ። ሦስቱም ላይ ግን አንድ ቦታ ዘገየሁ። የበደል ይቅርታ የሚለመንበት ላይ ስደርስ አንተ ሁልጊዜ ቆም ትል ነበር። ልጅ ሆኜ ትንፋሽ የሚያጥርህ ይመስለኝ ነበር። ኢንጂነሩ ቁጥሩን ጽፎ ስልኩን ዘጋ፤ እኔ ፊቴን ወደ ውኃው አዙሬ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ። በሳምንቱ የግድቡ ውኃ በከፊል ተለቀቀ፤ ላስቲኩም ተነሳ። የተነሳው በሰላም አልነበረም፤ ድንጋይ የጨበጠም ነበር። መስቀሉን የነቀሉት መምሬ ካሳ ራሳቸው ናቸው፤ አልቅሰው ነቅለው፣ ተሸክመው ወደ ደብሩ ወጡ። ስምህ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ዞረ። ግማሹ ባይለካው ኖሮ አልቀን ነበር አለ። ግማሹ ያን ሁሉ ዓመት አውቆ ዝም ያለ ሰው ምን ይባላል አለ። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ከማንም ጋር አልተከራከርሁም።

ከሁሉ የፈራሁት እማዬን ነበር። የዳነችበትን ውኃ የግድብ ፍሳሽ ነው ብዬ እንዴት እንደምነግራት ቃል ሳዘጋጅ ከረምሁ። ተናግሬ ስጨርስ ሩዝ መልቀሟን እንኳ አላቋረጠችም። በመጀመሪያው ዓመት ለያኔው አለቃህ እንደነገርኸው፣ እሱም ውኃው እስከጠራ ድረስ የአፈር ግድብ ማላቡ አይቀርም ብሎ እንደመለሰህ ያወቅሁት ከእሷ ነው። እየጨመረ ሲሄድ ግን ደግመህ አልተናገርህም፤ እሷ ከራስ ምታቷ ድናለችና። አንድ ቀን እንኳ ስላልቀመስኸው ገና ድሮ ገብቷት ነበር። እያወቅሽ ለምን ጠጣሽ ብላት ቀና ብላ አየችኝ።

«ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አባትሽ አቡነ ዘበሰማያት የደገመበት ውኃ ጸበል ካልሆነ፣ ምን ሊሆን ነው?» አለችኝ።

 

በጋውን ሙሉ ሠሩ። ትወደው ነበርና ልንገርህ። የቀኙን ጥግ ቆፍረው የተበላውን አፈር አወጡ፤ የሚያጣብቅ ጭቃ አፈር መልሰው ጠቀጠቁበት። ከሥሩ አሸዋ፣ ከአሸዋው ቀጥሎ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ቀጥሎ ድንጋይ ደረደሩ፤ እንደ ጠላ ማጥለያ ነው፣ ውኃው ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል። የሚያልፈው ውኃ በአንድ ቧንቧ ተሰብስቦ ቁጥር የተጻፈበት ሳጥን ውስጥ ይወርዳል። ትርፍ ውኃ ማስወጫው ሰፋ። ከታች ላሉት ቤቶች የሚጮኽ የማስጠንቀቂያ ደወል ተተከለ፤ ሲሞከር የመንደሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ጮኸ። አዲሱ ጠባቂ በየጠዋቱ ሳጥኑን እያየ ቁጥር ይጽፋል። ጸሎት አያስፈልገውም። ዱላህን ኢንጂነሩ ፎቶ አንስቶ መለሰልኝ።

ክረምቱ ከባድ ነበር። እኔ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ወደዚያ እወጣ ነበር፤ ግድቡ ሞላ፣ ከሥር የሚወርደው ግን እንደጠራ ቆየ። በኅዳር ሚካኤል ቢጫውን ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። አዲሱ ጠባቂ ሳጥኑ እኮ ያሳያል አለኝ፤ አውቃለሁ አልሁት። ከቧንቧው ሥር ደቅኜ፣ ዱላህን ተደግፌ፣ ባንተ ልክ ጀመርሁ።

ስምንት ሆነ። ዱላው ላይ ቦታ ስለነበረ ካንተ አራት ቀጥዬ ቀረጽሁት። ውኃውን አልደፋሁም፤ እማዬ ሳታመጪ እንዳትመጪ ብላኛለች።

በሚመጣው ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም፣ ጉልበቴ እስከቻለ እወጣለሁ አባዬ። አንተ የምትዘገይበት ቦታ ላይ ስደርስ እኔም እዘገያለሁ። አንተ ያኔ ስለራስህ ነበር፤ እኔ ስላንተ ነው።

ልጅህ