አምበር የገባልን አውቶቡስ

ልጄ ፀደንያ፣ ቅዱስ ማርቆስ ጥላ ከለላ ይሁንሽ፤ የምትረግጪው መሬት ይለምልምልሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጤፉን አጭዶ ጨርሷል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ደስታዬን ልንገርሽ። ከአምበር ደብረ ማርቆስ የሚመላለስ፣ ዋጋው ለድሃ የሚቀመስ አውቶቡስ ተመደበልን። አክስትሽ ሥራነሽ አንቺ እየላክሽላትም የሚኒባሱ ዋጋ እያቃታት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ያላትን የስኳር ክትትል ስታቋርጥ ጊዜ፣ ሰንበቴ ላይ መከርንና ሴቶቹ ተሰብስበን ወደ አስተዳደሩ ሄድን። «የምንለምነው ምጽዋት አይደለም፤ ሆስፒታሉ የድሃም ከሆነ ድሃው የሚደርስበት ይሰጠው» አልኳቸው። ኃላፊው ሳቀና «እትዬ ዘመናይ፣ ካልተሰጣችሁ አትወጡም ማለት ነው?» አለኝ። «ስንቃችንን ይዘን ነው የመጣነው» አልኩት። ከብዙ ምልልስ በኋላ ይኸው ተፈቀደልን።

የመጀመሪያው ቀን የንስሐ አባታችን ሲሳፈሩ ሁላችንም ብድግ አልን። እሳቸው ሁላችንንም መስቀል ሳያሳልሙ አይቀመጡ፣ እኛም እሳቸው ሳይቀመጡ አንቀመጥ። ሾፌሩ «እናቶቼ፣ እናንተ ከቆማችሁ መኪናውም እንደቆመ ነው» ብሎ ለመነን። ሥራነሽ መስኮቱ ጋ ሆና ከልቧ ስትስቅ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለሽ። ሐኪሙም «እንዲህ ሳታቋርጪ ነይ» ብሏታል።

ለእሷ መሳፈሪያ እያልሽ ከጉሮሮሽ ነጥቀሽ ስትልኪ ኖረሻል፤ ውለታሽን እግዚአብሔር ይክፈልሽ። ከእንግዲህ ግን ይብቃሽ ልጄ፤ ለዚያ አገር ብርድ ወፍራም ካፖርት ግዢበትና ለብሰሽው ፎቶ ላኪልን። ሥራነሽ ለራስሽ መግዛትሽን ካላየሁ አላምንም ብላለች። በሰላም አውጥቶ በሰላም ያግባሽ።

እናትሽ ዘመናይ