አዳዳ፣ ለገና አይምጡ

ነቀምቴ፣ ኅዳር ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ኑኑ ቁምባ ላሉት ለአባቴ እህት፣ ለአዳዳ ወርቂቱ ይድረስ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለቤቴ ሽብሩ የመንግሥት ሥራ በዝቶበት አብዛኛውን ጊዜ ሲሬ ነው የሚያድረው።

ክረምት ላይ ጠጉሬ መርገፍ ጀመረ። ከዚያም አናቴ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ተመለጠ። ቅቤም እሬትም ተቀባሁ፤ አልሆነም። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር አይቶኝ፣ «ቆረቆር ቢሆን ኖሮ ያሳክክሽ፣ ይቀረፍሽ ነበር። ይህ ከሐሳብ የሚመጣ ነው፤ ሐሳብ ከተውሽ ተመልሶ ይበቅላል» አለኝ። እንዴት እንደሚተው ግን አልነገረኝም።

ሽብሩ ሹሩባዬን አይቶ እንዳገባኝ ያውቃሉ። ስለዚህ እሱ በሌለበት ሁሉንም ተላጨሁት። አማቴ እመት ምንትዋብ ሲያዩኝ፣ «ማን ሞተብሽ?» ብለው ጮኹ። ምን ልበል፣ አዳዳ? የእርስዎን ስም ጠራሁ።

ወዲያው ጎረቤቱ ሁሉ ለልቅሶ መጣ። ሽብሩም ከሲሬ መጥቶ ከሐዘን እስክንነሣ ከጎኔ አልተለየም። እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ይጠርግልኝ ነበር። እንዲህ አብረን ከተቀመጥን ቆይተን ነበር።

አሁን ተመልሶ ሄዷል። ጠጉሬም ገና አልበቀለም።

ለገና እመጣለሁ ያሉትን እባክዎ ይተዉልኝ። እመት ምንትዋብ ለተዝካርዎ ጌሾ አስወቅጠው ጠላ ጠንስሰዋል። ሽብሩም ለተዝካሩ እመጣለሁ ብሎ ልኮብኛል።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

የወንድምዎ ልጅ፣ ድርቤ