በንግስቲ ላይ የወጣው እርግማን ስለ መሻሩ

እኔ በርሄ ገብረትንሣኤ፣ በፒያሳ አርባ ዓመት ልብስ የሰፋሁ፣ ዛሬ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ከአትክልት ተራ በላይ ባለው ቤቴ፣ ልቡናዬ ከእኔ ጋር ሳለ፣ ይህን ቃል በአራት ምስክሮች ፊት ተናገርሁ። «ዛሬ» ያልሁት አስቤ ነው፤ ነገን አላምነውም።

በአባቴ አይቼዋለሁ። ጉንዳን ረገጥሁ ብሎ የሚጸጸት ሰው በስተርጅናው እናቴን በከዘራ አባረራት። እኛ ልጆቹ «ክፋቱን ደብቆ ኖሯል» አልን። በእኔ ሲደርስ የመርሳት በሽታ መሆኑን አወቅሁ። አባቴ ይቅር ይበለኝ።

ትርፍ ቤቴ በአዋጅ ስለ ተወረሰ የማካፍለው ጥቂት ነው። ሰዓቴና ሬዲዮዬ ለልጄ ለመድኃኔ ይሁን። እሱ በበዓል ብቻ ብቅ ይልና «አባባ ጤነኛ አይደሉ እንዴ፤ ምን ታማርሪያለሽ!» ይላታል እኅቱን። አልፈርድበትም፤ በሽታዬ እንግዳ ያከብራል።

የምኖርበት ቤት፣ የስፌት መኪናዬና መቀሴ ለልጄ ለንግስቲ ይሁን። የምታጥበኝም፣ የምታጎርሰኝም፣ የምሰድባትም እሷ ናት።

ንግስቲ ልጄ፣ የቀረው ላንቺ ነው። በመስከረም የእናትሽ የወርቅ ቀለበት ሲጠፋ፣ ጎረቤት ሰብስቤ «ሌባ! ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ!» ብዬ እንደ ረገምሁሽ ጎረቤታችን ወይዘሮ ጥሩነሽ ነገሩኝ። እኔ አላስታውስም። አንቺ ግን «አባባ ሲሞቱ ከአጥር ውጭ ልቆም ነው?» እያልሽ ስትጠይቂያቸው በጆሮዬ ሰማሁ።

ትናንት የካፖርቴ ገበር ቆረቆረኝ። ብተረትረው ቀለበቱ ወጣ። ስፌቱ በድርብ ክር ነው፣ ቋጠሮው ወደ ውስጥ፤ እንዲያ የምቋጥረው እኔ ነኝ። ልጄን በከንቱ አዋረድሁ።

ስለዚህ በንስሐ አባቴ ፊት ያን እርግማን ሽሬዋለሁ። ከእንግዲህ የምረግመውም ከአፌ ሳይወጣ የተሻረ ይሁን። ኋላ ተነሥቼ ይህን ቃሌን አፈረስሁ ብል አትስሙኝ።

ቀለበቱ ያንቺ ነው። የገበሩን ስፌት ግማሹን ሳልተረትር ትቼዋለሁ። ሌባ ስልሽ እሱን አሳዪኝ፤ ፊትሽን ብረሳ እጄን አልረሳ ይሆናል።

ቀብሬ ላይ ቁሚ። ከሁሉ ፊት ቁሚ።

ተናዛዡ፦ በርሄ ገብረትንሣኤ (ፊርማ)

ቃሉን ከአፋቸው ሰምተን፣ ተጽፎም በፊታችን ሲነበብላቸው «አዎ» ማለታቸውን አይተን ፈረምን፦
ቄስ ወልደጊዮርጊስ ካላዩ፣ የንስሐ አባት
ወይዘሮ ጥሩነሽ ገብረክርስቶስ
አቶ ከተማ አባይነህ
አቶ ገብረዮሐንስ መድኅን፣ ጸሐፊ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ቄስ ወልደጊዮርጊስ ቃሉን በደጅ ለንግስቲ አንብበውላት ወደ ውስጥ አስገቧትና «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት። አቶ በርሄ ቀና ብለው አዩዋትና «ሌባዋ መጣች» አሉ። እሷም ካፖርቱን አመጣች። ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ «ይኼ የኔ እጅ ነው» ብለው አለቀሱ።