ከግንቡ ሥር ያለችው ባዶ መሬት

ለምወድሽ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? ልጆቹ፣ ባልሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽ ሁሉም ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ካልሆንኩበት ነገር በስተቀር ማለቴ ነው። ብዕር ያነሳሁትም እሱን ልነግርሽ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ አባባ ከጎኔ አይጠፋም፤ አንቺ ደግሞ ሳልጨርስ ታቋርጪኛለሽ።

እማማ ካረፈች ወዲህ ጓሮው ምን መስሎ እንደነበር ታውቂዋለሽ። የተቀደደ ፍራሽ፣ የአውቶቡስ ጎማ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ በላዩ ላይ ደግሞ እሾህ። አምስት ዓመት ሙሉ አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲቀመጥ፣ እኔም ስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ ስውል፣ የኋላውን በር የከፈተ ሰው አልነበረም። ታዲያ አንድ ጠዋት ቀሚስ እየዘመዘምኩ ከጓሮ የአካፋ ድምፅ ሰማሁ። ብወጣ አባባ ነው፤ ያንን የሾፌርነቱን አሮጌ ኮት ለብሶ እሾህ ይመነጥራል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? እኔ ግን ታውቂኛለሽ፣ ሰው ያለምክንያት ፈገግ ሲልልኝ ቦርሳዬን የምዳብስ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ምን ታይቶት ነው አልኩ።

ከዚያ ችግኝ ሻጯ መጣች። ያቺ መንገድ ዳር የምትሸጠዋ፣ ሣቋ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባው። በሶብላ አመጣች፣ ሮዝመሪ አመጣች፣ የሱፍ ዘር በወረቀት ጠቅልላ አመጣች። ንብ የምትወደውን፣ ቢራቢሮ የሚያርፍበትን እየለየች ስታስተምረው እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ ያደምጣል። የበሰበሰውን ግንድ እናውጣው ስለው፣ አይሆንም፣ ጥንዚዛ ይኖርበታል አለኝ። ጎድጓዳ ሳህኔን ወስዶ ጠጠር ጨመረና ውሃ ሞላበት፤ ንቦቹ ጠጠሩ ላይ ቆመው እንዲጠጡ ነው አለ። ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው፣ ይህን ሁሉ ለንብ ነው የሚያደርገው ብዬ ልመን? ለሴትዮዋ ነው አልኩ በሆዴ።

ያን ሰሞን ነው እንግዲህ የእማማ የወርቅ አምባር ከሣጥኗ እንደሌለ ያየሁት። አንቺ ዓምና መጥተሽ ሳለ አብረን ያየነው አምባር። ወዲያው ጻፍኩልሽ። ምን ብለሽ መለስሽልኝ? ደብዳቤሽ ይኸው ፊቴ ነው፤ ሴትዮዋን ጠብቂ፣ አባባም ጓሮ ውስጥ ምን እንደሚቀብር ማን ያውቃል ብለሻል። እኔ ደግሞ ለመጠርጠር ብዙ ግፊት የሚያስፈልገኝ ሰው አይደለሁም።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ከጓሮው አልተነቀለም። ከግንቡ ሥር ፀሐይ የሚውልባት፣ ርዝመቷ ሦስት ሜትር የሚሆን መሬት አለች። ሁሉንም ሲተክል እሷን ዘለላት። ዙሪያዋን በሲባጎ አጠረ። አትርገጫት፣ ውሃም አታፍስሺባት ብሎ አስጠነቀቀኝ። ምነው ስለው ወሬ ቀየረ። አንድ ቀን ደግሞ ከችግኝ ሻጯ ጋር በስልክ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት፤ እዚያው ከሥር ናቸው፣ ደህና ተቀብረዋል፣ ልጄ አታውቅም፣ ብታውቅ አታስተርፋቸውም ይላታል። አምባሩ ብቻ አይደለም፣ የእማማ ጉትቻዎችም ሄደዋል ማለት ነው አልኩ።

አባባ ሐኪም ቤት የሄደ ዕለት ዶማውን አነሳሁ። እኔ እንደሆንኩ ያለ ልክ ሥራ አይሆንልኝም፤ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ፣ ከጥጉ ጀምሬ እየለካሁ ጨርቅ እንደምቀድ ቀጥ አድርጌ ቆፈርኩ። ስንዝር ተኩል ወረድኩ። ወርቅ የለም። ባቄላ የሚያካክሉ የጭቃ ድብልብሎች ብቻ፤ ስሰብራቸው ውስጣቸው ቢጫ ነገርና ነጭ ትል። ቀፈፈኝና በጫማዬ ጨፈለቅኳቸው። ሁለት ሜትር ላይ ስደርስ በር ላይ መኪና ሲቆም ሰማሁ። አፈሩን መልሼ፣ ደልድዬ፣ ሲባጎውን ወጥሬ ገባሁ።

በሳምንቱ አባባ ጠራኝና ከአንቺ የደበቅኩት ነገር አለ አለኝ። ሊናዘዝ ነው አልኩ። እሱ ግን ያቺን መሬት እያሳየኝ፣ ቀፎ የማይገቡ፣ መሬት ሰርስረው ለየብቻቸው የሚኖሩ ንቦች እንዳሉ ነገረኝ። የሱፉ አበባ ላይ ውለው ቢጫውን ዱቄት ተሸክመው እዚህ ይገባሉ፤ ለልጆቻቸው ስንቅ ያስቀምጣሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ፣ ቀዳዳውን ዘግተው ይሞታሉ። ልጆቹ የሚወጡት ዝናቡ ሲያባራ ነው። ከችግኝ ሻጯ ጋር ሆነው አርባ ሦስት ቀዳዳ ቆጥረዋል። ያልነገረኝ መስኮቱ ላይ በሠፈሩት ተርቦች ላይ የፈላ ውሃ መድፋቴን ስለሚያስታውስ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። እናታቸው ሞታ እንኳ ስንቋ ያኖራቸዋል፣ ይገርማል አይደል አለኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። እህቴ፣ እንዲህ ያለ አሥራ አንድ ቀን ለጠላቴም አልመኝም። ደህና አደርሽ ሲለኝ ምን ማለቱ ነው እላለሁ። ሻይ ሲቀዳልኝ ያውቅ ይሆን እላለሁ። ችግኝ ሻጯ ስትስቅ በእኔ ነው እላለሁ። ዕድሜ ልኬን ሰው ስጠረጥር ኖሬ፣ የሚጠረጠር ሰው እንዲህ እንደሚያቃጥለው አላውቅም ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መቀሱን አስቀምጬ ወጣሁና ነገርኩት። አምባሩን ስፈልግ ነው፣ ገደልኳቸው አልኩት። አልቅሻለሁ፣ አልደብቅሽም።

አልጮኸም። መሬቱን እያየ፣

«አውቄ ነበር» አለኝ። «ድመት ብትቆፍረው እንዲህ አድርጋ አትተኩሰውም።»

ታዲያ አውቀህ ለምን ስለ ንቦቹ ነገርከኝ ስለው፣ ትናገሪ እንደሆነ ብዬ ነው አለ። ከዚያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ የት ድረስ ነው የቆፈርሽው? ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለማ! ከጥጉ ለክቼ አሳየሁት፤ ከሁለት ሜትር ወዲያ ያለው አልተነካም አልኩት። ተንበርክኮ የቀረውን በመዳፉ ዳሰሰ። አንድ ሜትርም ቀላል አይደለም አለ። ሲባጎውን አብረን አጠበብነው።

ቋጠሮውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ ስለ አምባሩ እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም አለኝ። ፈርቼ ነው አልኩት።

«እሷ በደብዳቤዋ አልነገረችሽም?» አለ።

ማን ልለው አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁና ተውኩት። እሱም መልሶ አላነሳውም።

አንቺንም አልጠይቅሽም። ደብዳቤሽን ግን ሦስት ጊዜ መልሼ አንብቤዋለሁ።

ዝናቡ ካባራ ሳምንት ሆነው። ትናንት ረፋድ ላይ ከቀረችው አንድ ሜትር አፈሯ ፈንቀል አለና አንዲት አቧራ የለበሰች ንብ ብቅ አለች። ትንሽ ቆማ ክንፏን አራገበችና ወደ በሶብላው ሄደች። ዛሬ እስከ ቀትር ድረስ ዘጠኝ ንቦች ወጥተዋል። የአባባ ዓይን ለቅርብ ነገር ስለደከመ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ስንት ሆኑ ይለኛል፤ የነገርኩትን ይቀበላል፤ ደግሞ እርግጠኛ ነሽ ወይ አይለኝም።

ለአባባ ጻፊለት፤ ደብዳቤሽን ሲያጣ ይከፋዋል። አሁን የማነብለት እኔ ስለሆንኩ፣ የምትጽፊውን ሁሉ አንድ ቃል ሳልጨምር ሳላጎድል አነብለታለሁ፤ ለዚህ አታስቢ።

እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ በእጅሽ ያጠለቅሽውንም በሰላም የምታጌጪበት ያድርግልሽ።

ምንም ቢሆን የማልለወጠው
ታላቅ እህትሽ